ከንጋት የሚቆጥረው ካሲዮ

የእናቴን ቁም ሣጥን የታችኛውን መሳቢያ የከፈተ ሰው ከዕቃው በፊት የሚያገኘው ሽታውን ነው፤ ብርጉድ፣ ናፍታሌን፣ ዓመታት የተኛ ወረቀት። በጥር ለጥምቀት ደሴ ገብቼ አንድ የድሮ ሰነድ ስፈልግ እጄ የተቋጠረ መሐረብ ነካ። ፈታሁት። የአባቴ ካሲዮ ነው። ማሰሪያው ዘለበቱ አጠገብ ተሰንጥቆ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ የእናቴ ስፌት መሆኑን ከጥብቀቱ አወቅሁት። መስኮቱ ላይ አንድም ቁጥር የለም። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ናፍጣ፣ የልብስ ሳሙና፣ ላብ የጠጣ ፕላስቲክ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ድምፁንም በካሴት ሰምቻለሁ፤ ግራ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ መልሶ ያመጣልኝ ግን ይህ ሽታ ብቻ ነው።

ሰዓቱን ከጅዳ የላከችው አክስቴ ናት። በዚያ ዘመን ከወሎ ብዙ ሴቶች ወደ ዓረብ አገር ይሄዱ ነበር። የሚመለስ ሰው በተገኘ ቁጥር ሻንጣ ተከፍቶ ለየቤቱ ድርሻው ይወጣል፤ ለእናቴ ሽቶና ሻሽ፣ ለእኛ ለልጆቹ ልብስና ከረሜላ። አንድ ጊዜ ለአባቴ በትንሽ ካርቶን የታሸገ ጥቁር ሰዓት ወጣ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከዚያ በፊት በየማታው የሚሞላ፣ እየቆየ ወደ ኋላ የሚቀር የእጅ ሰዓት ነበረው። አዲሱን በመዳፉ ይዞ ሲመዝነው ትዝ ይለኛል። "ውስጡ ነገር አለ እንዴ?" አለ። ባዶ እስኪመስል ድረስ ቀላል ነበር፤ ክብደቱ 21 ግራም ነው።

ሞዴሉ ኤፍ-91ደብልዩ ይባላል። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው፣ ሪዩሱኬ ሞሪያይ የተባለ የኩባንያው ባለሙያ የነደፈው ነው። በእኛ ሰፈር ግን ሞዴሉን በስሙ የጠራ ሰው አልሰማሁም፤ ካሲዮ፣ አለዚያም ዲጂታል ነበር የሚባለው። ቁልፎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት በግራ፣ አንድ በቀኝ። በሦስት ቁልፍ ሰዓት፣ ቀን፣ አላርም፣ በየሰዓቱ የሚጮህ ደወል፣ ስቶፕ ዋችና መብራት ታዛለህ። አብሮ የመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ የተጣጠፈ፣ ጽሑፉ የጉንዳን ዱካ የሚያህል ወረቀት ነበር። አማርኛ አልነበረበትም። ስለዚህ ሰዓቱን የተማርነው ከሰው ነው፤ እኔን ያስተማረኝ ከአጥር ማዶ ያለው የሼሁ ልጅ፣ እሱን ያስተማረው ደግሞ ከሪያድ የተመለሰ የአጎቱ ልጅ ነው።

ትምህርቱ በጣት ነበር። የታችኛውን የግራ ቁልፍ አንዴ ስትጫን አላርም፣ ደግመህ ስትጫን ስቶፕ ዋች፣ ሦስተኛ ስትጫን ሰኮንዱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማስተካከያው እሱ ነው። እዚያ ላይ የላይኛው የግራ ቁልፍ ከሰኮንድ ወደ ሰዓት፣ ወደ ደቂቃ፣ ወደ ወር፣ ወደ ቀን፣ ወደ ዕለት ያሻግርሃል። የቀኙ ቁጥሩን ያሳድጋል። ካለፍከው ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ዙሩን ጨርሰህ እንደገና ትመጣለህ። ሰኮንዱን የማታው የሬዲዮ ዜና ሲጀምር ወደ ዜሮ እናመጣው ነበር። አባቴ ሬዲዮኑ አጠገብ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኛም ከእሱ ጋር።

መጀመሪያ ቀን ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ። ጧት 1 ሰዓት ላይ 1 ቁጥርን መሙላት ቀላል ነው። ነገር ግን ሰዓቱ ሁለት ዓይነት 1 ነበረው፤ አንዱ ምልክት የሌለው፣ ሌላው ከጎኑ ፒ.ኤም. የሚል ትንሽ ምልክት ያለው። ቀኑ የሚለወጠው ደግሞ ምልክት ያለው 11፡59 አልቆ ምልክት የሌለው 12 ሲገባ ነው። የእኛ ቀን የትኛው ነው? አባቴ አላመነታም። "ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው" አለና ምልክት የሌለውን ለቀን፣ ምልክት ያለውን ለሌሊት አደረገው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ዶሮ ጮኾ እናቴ እሳት ስታነድ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት የሚለወጥ ቀን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ሼሁ ግን ገልብጠው ነበር የሞሉት። ምልክት ያለው ቀን፣ ምልክት የሌለው ሌሊት። አባቴ አንድ ማታ የሁለቱን ሰዓት አጠጋግቶ አይቶ፣ "ሼህዬ፣ የእርስዎ ገና ሲመሽ ነገ ብሎ ቁጭ አለሳ!" አላቸው። ሼሁ ፈገግ አሉ። "እኛ ዘንድ ሌሊቱ ነው ቀኑን የሚመራው ወንድሜ። መግሪብ ሲገባ ነገ ገብቷል።" አባቴ ጥቂት አሰበና፣ እኛስ ዋዜማን ከማታው አይደለም ወይ የምንቆመው፣ አለ። በዚያው ቀረ፤ ሁለቱም ሰዓታቸውን አልቀየሩም። በረመዳን የሼሁ አላርም ለሱሑር ሲጮህ በአጥሩ በኩል ይሰማን ነበር፤ የአባቴ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጮሃል፤ መኪና የሚያስነሣበት ሰዓት ነው።

ያ አላርም 20 ሰኮንድ ብቻ ይጮኽና ዝም ይላል። ዛሬ ስልክ ላይ እንዳለው እንደገና ልቀስቅስህ የሚል ነገር አልነበረውም። አባቴ 20 ሰኮንዱ ሳያልቅ ተነሥቶ ተቀምጧል። እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ቢፕ ቢፕ የሚለውን፣ ቀጥሎ የፋኖስ ክብሪቱን፣ ቀጥሎ የቡናውን ሙቀጫ እሰማለሁ። ከዚያ የጫማው ኮቴ፣ የበሩ መንጠቆ። ጦሳ ተራራ ላይ ገና ጨለማ ነው። የአሰብ መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ሾፌሮች ቆላው ሳይግል ብዙ ለመጓዝ ሌሊቱን ይነሣሉ።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአባቴም ሕይወት አብሮ ዞረ። ጅቡቲና እኛ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ነን፤ የሚለየን መቁጠር የምንጀምርበት ቦታ ነው። ወደቡ ላይ ወረቀቱ 14 ሰዓት ሲል አባቴ ካሲዮውን አይቶ 8 ሰዓት ይላል። ሰዓቱን ወደ እነሱ አቆጣጠር እንዲቀይረው የሚመክሩት ነበሩ። እሱ ስድስት መቀነስ የሚያቅተው ሰው አልነበረም፤ "እዚያ የምቆየው ሁለት ሌሊት ነው፣ ቤቴ ያለው እዚህ ነው" ይል ነበር።

ቀኑ የባሰ ነገር ነበረው። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው መስከረም ነው፤ ሰዓቱ ላይ ያለው ሌላ ቁጥር። አንድ ዓመት እንቁጣጣሽ ዕለት አባቴን አስፈቅጄ ወሩን 1፣ ቀኑንም 1 አደረግሁት። መስከረም በደንብ ሄደ። ከ30 ቀጥሎ ግን 31 አለ። ጥቅምት ደግሞ 28 ላይ ሲደርስ በማግስቱ ዘልሎ ኅዳር 1 ሆነ። ሰዓቱ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው የሚለው፤ ዓመቱን ስለማያውቅም ለፌብሩዋሪ ሁልጊዜ 28 ቀን ነው የሚሰጠው። ከጥቅምት ሁለት ቀን የወሰደብን በዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስከታተል ያለ እርማት የሚያልፉት አራት ወሮች ብቻ ሆነው አገኘኋቸው፤ ታኅሣሥ፣ የካቲት፣ ግንቦትና ሐምሌ፤ እነዚህ በሰዓቱ ላይም 30 ቀን አላቸው። ሌሎቹን በእጅ እናርም ነበር። ያን ሥራ አባቴ ለእኔ ሰጠኝ፤ በወሩ መጨረሻ ከመንገድ ሲመጣ ሰዓቱን ፈትቶ በዝምታ ይዘረጋልኛል።

ጳጉሜ ግን ቦታ አልነበራትም። ሰዓቱ ከ12 በላይ ወር አያውቅም። ነሐሴ 30 ካለቀ በኋላ ወሩን እዚያው 12 ላይ አድርገን ቀኑን ወደ 1 እየመለስን አምስቱን ቀን በተውሶ ወር እናስቆጥራቸው ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስቱን። በእነዚያ ቀናት ሰዓቱ ነሐሴ 3 ሲል እኛ ጳጉሜ 3 እንላለን። ሰዓቱና እኛ ተስማምተን አንድ ምስጢር የያዝን ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ካሲዮ ያሰሩ ልጆች ብዙ ነበሩ። ሰዓት ሲሞላ በየወንበሩ ቢፕ ቢፕ ይላል፤ ግን አንድ ላይ አይደለም። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል፣ የመጨረሻው አስተማሪው ዝም በሉ ብለው ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ ይጮሃል። ምክንያቱን ፊዚክስ ስማር አገኘሁት። ሰዓቱ ውስጥ ያለች የኳርትዝ ቁራጭ በሰኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ያ ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 1 ይሆናል፤ አንድ ሰኮንድ ማለት ነው። ሙቀትና ብርድ ርግብግቢቱን በጥቂቱ ያዛባዋል። ፋብሪካው ራሱ በወር 30 ሰኮንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ልክ ነው ይላል። ክፍላችን ውስጥ ከአንዱ ደወል እስከ ሌላው የነበረው ክፍተት ያ ነበር፤ በየቤቱ ሰኮንዱ ዜሮ የተደረገበትም ቀን እንደዚያው የተለያየ ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ ካልኩሌተር ያለው ነበረው፤ እሱም ካሲዮ። ቁልፎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ በእስክሪብቶ ጫፍ ነበር የሚጫናቸው። ፈተና ሲደርስ ፈታኙ ጠረጴዛ ላይ አስፈትተው ያስቀምጡታል። እሱን ማየት ደስ ይለን ነበር፤ የቀናሁበት ግን አይመስለኝም፤ የእኛን ያህል ቀጭን አልነበረም።

እኔ ከሁሉም የምወደው ስቶፕ ዋቹን ነበር። አባቴ ቤት በሚያድርበት ቀን ሰዓቱን ይዤ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ እሄዳለሁ። አንደኛው ልጅ ሲገባ የላይኛውን ግራ ስትጫን ቁጥሩ ይቆማል፤ ውስጥ ውስጡን ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ሁለተኛው ሲገባ የቀኙን፣ ከዚያ እንደገና ግራውን ስትጫን የሁለተኛው ሰዓት ይወጣል። በአንድ ሰዓት ሁለት ሯጭ። መስከረም 15 ቀን 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰኮንድ ነው፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰኮንድ ለ27 ደቂቃ ከ18.29። በማግስቱ የሰፈር ልጆች ሁሉ ያንን 9 መቶኛ በጣታችን ልንይዘው ሞከርን። አስነሥቶ ወዲያው ማቆም ነው፤ ግን ጣት ሁለቴ እስኪጫን አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት ይላል። በተከታታይ ብዙ ከሞከርን በኋላ አንዱ 9 ላይ አቆመው። ያን ጊዜ ነው ድሉ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር በእጃችን የገባን። የዚያው ኦሊምፒክ የገዛኸኝ አበራ ማራቶን፣ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ፣ በካሲዮው አይያዝም ነበር፤ ቆጠራው 59 ደቂቃ ከ59.99 ላይ አልቆ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ ያንተ ጭንቅላት ነው የሚይዘው።

ስለ መብራቱ ብዙ የምለው የለኝም። በመስኮቱ ግራ ጥግ የምትበራ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ናት፤ በስተቀኝ ያለውን ሰኮንድ በደንብ እንኳ አታሳይም። መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ትበቃለች። ገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩ ስለነበሩ ሰው ሲገዛ የቀኙን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንዶች ተጭኖ ይይዛል፤ እውነተኛው ላይ ቁጥሮቹ ጠፍተው የኩባንያው ስም በላቲን ፊደል ይወጣል። ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

መሐረቡን በፈታሁ ማግስት ሰዓቱን ይዤ ደሴ ፒያሳ ወረድኩ። ሰዓት ሠሪው ከኋላ ያሉትን አራት ቡሎኖች ፈትቶ የሞተውን ባትሪ አወጣ። ሲአር 2016 ነው የሚባለው፤ ቁጥሩ ልኩን ይናገራል፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.6። አንዱ ባትሪ ሰባት ዓመት ያህል ያገለግላል። አዲሱ ሲገባ ቁጥሮቹ ብቅ አሉ፤ የአባቴ አላርም ግን አልነበረም። ባትሪው ሲሞት ሰዓቱ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚለው ዛሬ ያለው በእናቴና በእኛ በልጆቹ ጆሮ ብቻ ነው።

እዚያው ቆሜ ልሞላው ስጀምር አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ሊነግረኝ ሞከረ። 10፡40 ይላል ስልኩ፤ ልጁ በአንድ ትንፋሽ 4፡40 አለኝ። መቀነሱ ለእሱ ማሰብ እንኳ አይደለም። ከዚያ ስልኩም እንደ ካሲዮው ይሞላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሞከርን። ሰዓቱን በእጅ ስድስት ወደ ኋላ ስንመልሰው መልእክቶቹ ተዛቡ፣ አንዳንድ ድረ ገጾችም አንከፈትም አሉ። ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ የት እንዳለህና ስንት ሰዓት እንደሆነ ከአንተ በላይ አውቃለሁ ባይ ነው። ልጁ ግን ብልህ ነው፤ ሰዓቱን ትቶ ቦታውን ቀየረ። ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለውን ቀጠና ሲፈልግ ቦነስ አይረስን አገኘ። ስልኩ አርጀንቲና ያለ ሲመስለው የሐበሻ ሰዓት አሳየ፤ ቀኑም የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሆነ፤ ልክ አባቴ እንደሞላው።

ወደ ቤት ስንመለስ የሼሁን ሰዓት አሰብኩ። ምልክት ያለውን ለቀን ያደረገ ሰው ሰዓቱን ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደፊት ነው የሞላው። እዚያ ላይ ያለው ቶኪዮ ነው። የሼሁ ካሲዮ ደሴ ውስጥ፣ መግሪብ ሲገባ ቀኑን እየለወጠ፣ ያን ሁሉ ዓመት በተነደፈበት አገር ሰዓት ይሄድ ነበር። ሁለቱም ሰዎች ቦነስ አይረስንም ቶኪዮንም ሳያዩ አለፉ። ለሁለቱም ሰዓቱ የት ነህ ብሎ አልጠየቃቸውም፤ የነገሩትን ተቀብሎ መቁጠር ነበር ሥራው። ያ ርካሽ ፕላስቲክ ዛሬ በእጃችን ካለው ውድ ስልክ ይልቅ ለእኛ አቆጣጠር የተመቸ ነበር፤ ይህን የምለው ትዝታ አሸንፎኝ አይደለም።

በስልክ ላይ የእኛን ቀን መቁጠሪያ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ፤ የሠሯቸውን ወጣቶች አመሰግናለሁ። እኔ ያላገኘሁት ሰዓቱን ነው። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ የስልኩ የፊት ገጽ ላይ ያለው ሰዓት ቦታውን ሳይዋሽ ከንጋት መቁጠር እንዲችል አድርጉልን። ቀኑ በ12 ሰዓት ንጋት ወይም በ12 ሰዓት ምሽት እንዲለወጥ ምርጫውን ለባለቤቱ ተዉለት። ከነሐሴ ቀጥሎም አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለ አትርሱ።